ከብልቴም ደም ይፈሳል፣ ሽንቴም ቀልቷል፦ ደሙ ከየትኛው ነው?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 44 ዓመት ሲሆን ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሁለተኛውን የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው። የወር አበባዬ ለብዙ ዓመታት ቀኑን ጠብቆ ሲመጣ ቆይቶ ካለፈው ዓመት ወዲህ ተዛብቷል፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ሙሉ ይቀርና አንዳንዴ ደግሞ ገና በ15ኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። አሁን ጥቂት ጥቂት እያለ መፍሰስ ከጀመረ 9 ቀን ሆኖታል። በዚህ መሀል፣ የዛሬ ሳምንት ጠዋት ስሸና ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መስሎ አየሁት፤ ትንሽም ያቃጥለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሄጄ ሽንት ሰጠሁ። ውጤቱ ላይ «ቀይ የደም ሕዋስ፦ በጣም ብዙ» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩና የ5 ቀን አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። በወቅቱ ከብልቴ ደም እየፈሰሰኝ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ ማቃጠሉም ቀርቷል፣ የሽንቱ ቀለም ግን እንደነበረ ነው።

ለመረዳት የምፈልገው፣ ይህ ከማህፀን የሚወርደው ደም ከሽንቱ ጋር እየተቀላቀለ ነው ወይስ ሽንቴ ራሱ እየደማ ነው የሚለውን ነው። ሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ እየደማ ከሆነስ አንድ በሽታ ሁለቱን ሊያደማ ይችላል? የጀርባም የጎንም ሕመም የለኝም፣ ትኩሳትም የለኝም፣ በቋሚነት የምወስደው መድኃኒት የለም፣ አላጨስም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦

እህቴ፣ ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ሕመሙ ብያኔ አልሰጥም፤ ስለ ናሙናው ግን የምለው አለኝ። በማይክሮስኮፕ የማየው ቀይ የደም ሕዋስ ከኩላሊት ይምጣ ከማህፀን የሚነግረኝ መታወቂያ አልያዘም። የሽንት መውጫው ከብልት መክፈቻው በላይ ጥቂት ብቻ ርቆ የሚገኝ ስለሆነ፣ ደም እየፈሰሳት ያለች ሴት እንደ ነገሩ የሰጠችው ሽንት ደም ባይኖረው ነው የሚገርመው። አንድ ሊትር ሽንት በዓይን እስኪታይ ድረስ ለማቅላት ወደ 1 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ይበቃል፤ በማይክሮስኮፕ ሲሆን ደግሞ በአንድ የእይታ ክልል 3 ሕዋስ መታየቱ ብቻ ውጤቱን ከመደበኛው ያወጣዋል። ስለዚህ «በጣም ብዙ» የሚለው ቃል የናሙናው አወሳሰድ ካልታወቀ ብዙ አይነግረንም።

አንዳንድ ፍንጮች ግን አሉ። ከደሙ ጋር ጠፍጣፋ የቆዳ ሕዋሳት በብዛት ከታዩ ናሙናው ገላን ነክቶ እንደመጣ ያመለክታሉ። በተቃራኒው የደም ሕዋሶቹ በኩላሊት ጥቃቅን ቱቦዎች ቅርጽ ተጣብቀው ከታዩ ወይም ፕሮቲን በብዛት ከተገኘ ምንጩ ኩላሊት እንደሆነ እንጠረጥራለን። በተጨማሪም ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙን የሚለውጠው ወረቀት የሚያነበው የደሙን ቀለም እንጂ ሕዋሱን ስላልሆነ፣ ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገርም ያታልለዋል፤ በማይክሮስኮፕ ሳይረጋገጥ በወረቀቱ ብቻ «ደም አለ» ማለት አይገባም።

ናሙናውን እንደገና ሲሰጡ እጅዎንና ብልትዎን ከፊት ወደ ኋላ በውሃ ይታጠቡ፤ ከንፈሮቹን በሁለት ጣት ለይተው እንደያዙ መጀመሪያ የሚወርደውን ሽንት ወደ መጸዳጃው ይልቀቁት፣ ሳያቋርጡ መካከለኛውን በዕቃው ይቀበሉ፣ ሳያልቅም ዕቃውን ያንሡ። የዕቃው አፍ ገላዎን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለላቦራቶሪ የማይደርስ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ታምፖን የሚጠቀሙ ከሆነ ከመታጠብዎ በፊት ማስገባቱ ከላይ የሚወርደውን ደም ይይዘዋል። ደሙ የማይቆም ከሆነ ግን ከሁሉ የሚታመነው በቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በካቴተር፣ በቀጥታ ከፊኛ የሚቀዳው ሽንት ነው። እባክዎ በመጠየቂያው ቅጽ ላይ «ከብልት ደም እየፈሰሳት ነው» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ። እኛ ከመስኮቱ ወዲያ ያለን ሰዎች ዕቃውን እንጂ ባለቤቱን አናይም።

አንድ ልጠይቅ፤ ካልቸር፣ ማለትም በሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን በማሳደግ የሚያሳይ ምርመራ፣ ተሠርቶልዎት ነበር?

ጠያቂ፦

ስለ ዝርዝሩ በጣም አመሰግናለሁ። ካልቸር አልተሠራልኝም፤ ዕቃውንም ሰጥተውኝ «ሽንት አምጪ» ከማለት በቀር እንዴት እንደምቀበል የነገረኝ አልነበረም። የእርግዝና ምርመራም አልተሠራልኝም፤ በዚህ ዕድሜ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ እጀምራለሁ። የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባውም እሱ ነው። የወር አበባ የተዛባባት የ44 ዓመት ሴት የማርገዝ ዕድሏ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የደም መፍሰሱ የውርጃ መጀመሪያ ወይም ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሳይታወቅ ከቆየ የማህፀን ቱቦውን አፈንድቶ ሕይወት ያሳጣል። በአንድ ወገን የሚበረታ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ቢመጣ የዚህን ገጽ መልስ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ እየራሰ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ሽንትዎ በረጋ ደም ምክንያት አልወርድ ካለ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣም እንዲሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ በእርስዎ ሁኔታ በጣም የሚጠረጠረው የላቦራቶሪ ባለሙያው የገለጹት መቀላቀል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ሳምንት መገጣጠማቸው ነው። ወደ ማረጥ በሚቃረቡ ዓመታት እንቁላል የማይወጣበት ወር ስለሚበዛ የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ያለ ሥርዓት ይወፍርና ያለ ቀኑ ይረግፋል። ፋይብሮይድ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) እና ፖሊፕ (ከውስጥ ሽፋኑ ወይም ከማህፀን በር የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) በዚሁ ዕድሜ ይበዛሉ። በዚያው ሰሞን ተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ቢይዝዎት ሁለት ደም በአንድ መጸዳጃ ይታያል፣ አንዱ ግን ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። ማቃጠሉ በአንቲባዮቲኩ መቅረቱ ኢንፌክሽን እንደነበረ ይጠቁም ይሆናል፤ ካልቸር ስላልተሠራ ግን አሁን ማረጋገጥ አይቻልም። የኩላሊት ጠጠርም እንዲሁ ሊገጣጠም ይችላል፤ ሆኖም ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን አንድ ቦታ የማያስቀምጥ ሕመም ስላለው እርስዎ ከነገሩን ጋር ብዙ አይሄድም።

አንድ በሽታ ሁለቱን ሊያደማ ይችላል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይችላል። እንደ ክላሚዲያና ጨብጥ ያሉ በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ ኢንፌክሽኖች የማህፀን በርንና የሽንት መውጫን አብረው ያቆስላሉ፤ ከግንኙነት በኋላ ደም መታየቱና ሽንት ማቃጠሉ ሲገናኙ እነዚህን እናስባለን፣ ተራው የሽንት ካልቸር ደግሞ ክላሚዲያን አያወጣም። የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ፊኛ ላይ ሲበቅል፣ ማለትም የፊኛ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሲኖር፣ ሽንት በወር አበባ ሰሞን ብቻ ሊደማና ሲሸኑ ሊያም ይችላል፤ ይህን የሚለየው ወር ጠብቆ መመላለሱ ነው። በቀዶ ሕክምና ለወለዱ ደግሞ፣ እጅግ ብርቅ ቢሆንም፣ በማህፀንና በፊኛ መካከል ቀዳዳ ማለትም ፊስቱላ ተፈጥሮ የወር አበባ ደም በሽንት በኩል የሚወጣበት ጊዜ አለ። ከወለዱ ብዙ ዓመት ከሆነና እስከ አሁን ምንም ካልታየ ይህ የማይመስል ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን ስለጠቀሱ ብቻ አነሣሁት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቢልሃርዝያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ አንዳንድ አካባቢዎች በወንዝና በሐይቅ ውሃ ውስጥ ቆዳን ሰርስሮ የሚገባው፣ እንቁላሉን የሚጥለው በፊኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ በሴቶች ላይ ግን እንቁላሉ በማህፀን በርና በብልት ግድግዳም ይቀበራል። ውጤቱ ደም ያለው ሽንትና ከግንኙነት በኋላ ወይም ያለ ምክንያት ከብልት የሚወርድ ደም ሊሆን ይችላል፤ የማህፀን በሩ ሲታይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት በአባላዘር በሽታ ተጠርጥረው ያለ ጥፋታቸው ከትዳር አጋራቸው ጋር ተጣልተዋል። በሽታው ባለበት አካባቢ በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ዋኝተው፣ ልብስ አጥበው ወይም ተሻግረው የሚያውቁ ከሆነ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ቢሆንም እንኳ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው።

የማህፀን በር ካንሰርን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ገና ሲጀምር የሚያሳየው ያለ ቀኑ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ነው፤ ሽንትን የሚያደማው ወደ ፊኛ ከገባ በኋላ ነው፣ ያ ደግሞ የዘገየ ደረጃ ነው። በእርስዎ ላይ ይህ አለ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያለ ቀኑ የሚደማ ሰው የማህፀን በሩ በዓይን ሳይታይ አንቲባዮቲክ ይዞ መመለስ የለበትም።

ስለዚህ የምመክረው ከእርግዝና ምርመራው በኋላ በካቴተር የሚወሰድ ሽንት ከነካልቸሩ፣ የሽንት መውጫውን፣ የብልቱን ግድግዳና የማህፀን በሩን በመሣሪያ ከፍቶ ማየት፣ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ጊዜው ካለፈ እሱን ማድረግ፣ የደም ማነስ መኖሩን ማየት፣ በመጨረሻም አልትራሳውንድ ነው። ከ45 ዓመት ጀምሮ ለተዛባ ደም መፍሰስ ከማህፀን ሽፋን ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከፍተኛ የሰውነት ክብደት ያላት ወይም ለረጅም ጊዜ የወር አበባዋ ተዛብቶ የቆየ ሴት ትካተታለች። እርስዎ በድንበሩ ላይ ስለሆኑ ሐኪሙን ራስዎ ይጠይቁ።

የሌላ አንባቢ መልስ፦

ነገሩን ይህን ያህል ማክበድ ያለበት አይመስለኝም። ለእኔም የወር አበባ ላይ እያለሁ ሽንቴ ደም አለው ተብሎ ነበር፤ ሲቆምልኝ ብደግመው ምንም አልተገኘም። ጠያቂዋም ደሙ እስኪቆም ቢጠብቁ ይበቃቸዋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦

ቀኑን ጠብቆ መጥቶ በ5 ቀን ለሚቆም የወር አበባ ምክርዎ ትክክል ነው፤ እኛም ሁልጊዜ የምንለው ይህንኑ ነው። የጠያቂዋ ግን መቼ እንደሚቆም አይታወቅም፤ እሱ ራሱ ምርመራ የሚፈልግ ደም ሆኖ ሳለ እስኪያበቃ ጠብቂ ማለት ሁለቱንም ጥያቄ ማዘግየት ነው። ቱቦ መጠቀም የተፈለገው ለዚህ ነው።

ስለ እናቷ የጻፈች፦

ይህን ሳነብ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። 61 ዓመቷ ነበር፤ ካረጠች 9 ዓመት ሆኗታል። «ሽንቴ ደማ» ብላ ነገረችን፣ እኛም ለሐኪሙ እንደዚያው ነገርን፤ ሦስት ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጥቷት ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ ሻል ብሏት ተመለሰባት። በኋላ አክስቴ መጣችና አንድ ቀላል ነገር አደረገች። እናቴ ከሸናችና ከታጠበች በኋላ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አስደርጋ፣ ሽንት ሳይመጣት ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጠቻት። ጨርቁ ሲታይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። ሽንት ሳትሸና ነጠብጣብ ካለ ደሙ ከሽንት አይደለማ! ያንን ጨርቅ በላስቲክ ይዘን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በአልትራሳውንድ የማህፀኗ ሽፋን ከልክ በላይ ወፍሮ ተገኘ፤ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር ሆነ፣ ደግነቱ ከማህፀን አልወጣም ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ዛሬ ደኅና ናት። ጠያቂዋን ለማስፈራራት አይደለም፤ እናቴ «ሽንቴ» ያለችው የደሙን ቀለም መጸዳጃው ውስጥ ስላየችው ብቻ እንደነበር ለማሳወቅ ነው።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦

አክስትዎ ብልህ ሴት ናቸው። ጨርቁ ብቻውን ቆራጭ ማስረጃ አይሆንም፤ የሽንት መውጫው ጫፍ ራሱ ሲቆስል ወይም ሥጋ ሲያበቅል በሽንት መካከልም ያንጠባጥባል፣ ይህም ካረጡ በኋላ ሆርሞኑ ቀንሶ ቆዳው ሲሳሳ የሚታይ ነገር ነው። ያም ሆኖ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ካለፈ 12 ወር ከሞላ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም እንደሚፈጸም መጨመር እፈልጋለሁ። የፊኛ ካንሰር ዋና ምልክቱ ሕመም የሌለው፣ መጥቶ የሚሄድ የደም ሽንት ነው። ሴቶች ላይ ግን «የወር አበባ ነው»፣ «ማረጥ ነው»፣ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ ከወንዶች ይልቅ ዘግይቶ ይታወቃል። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎችም ደም ሲያዩ «መድኃኒቱ ነው» ብለው አይተዉት፤ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የነበረ ቁስል ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ ቁስሉን አይፈጥርም። ያለ ሐኪም ትእዛዝም አያቋርጡት። ቀይ ሥር የበላ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ደም ሳይኖረው ሊቀላ እንደሚችልም ይታወቅ።

ጠያቂ፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የደሙን ቀናት በወረቀት ጽፌ ስለነበር ማፈሩም ቀለለኝ። ነርሷ በቱቦ ስትቀዳው ዕቃው ውስጥ የወረደው ሽንት ጥርት ያለ ቢጫ ነበር፤ ከ10 ደቂቃ በፊት መጸዳጃ ውስጥ ያየሁት ግን ቀይ ነበር። ለራሴ ማመን አቅቶኝ ሁለቴ አየሁት። ካልቸሩ ምንም አላበቀለም። ሐኪሟ ከማህፀን በሩ ተንጠልጥሎ የወጣ የጣት ጥፍር የሚያህል ፖሊፕ አግኝታ በመቆንጠጫ ጠምዝዛ አወጣችው፤ ያን ያህል አላመመኝም። ፖሊፑና ከማህፀን ሽፋን የተወሰደው ናሙና ተልከዋል፣ ውጤታቸውን እየጠበቅሁ ነው።

የቀረኝ አንድ ግራ መጋባት አለ። በቱቦ የተቀዳው ሽንት ቢጫ ቢሆንም በማይክሮስኮፕ 5 ቀይ የደም ሕዋስ ታየበት ተብሏል። ሐኪሟ እንደገና ይደገማል ብላኛለች። ይህ ማለት ሽንቴም ይደማል ማለት ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦

የግድ አይደለም። ቱቦው ሲገባ የሽንት መውጫውን ግድግዳ ጫር አድርጎ ጥቂት ሕዋሳት ሊያስወጣ ይችላል፤ 5 የሚለው ቁጥር ለዚያ የሚበቃ ነው፣ ግን ከ3 በላይ ስለሆነ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ደሙ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ያለ ቱቦ፣ መካከለኛውን ሽንት ከላይ በገለጽኩት መንገድ ይስጡ። ያኔም 3ና ከዚያ በላይ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ኩላሊትና ሽንት ቧንቧ ሐኪም ይሄዳል፤ ካልተገኘ የሽንቱ ጥያቄ ተዘግቷል። በመጠየቂያው ቅጽ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍልዎ፦ የመጨረሻው ደም የቆመበት ቀንና ያለፈው ናሙና በካቴተር መወሰዱ።